ስድስት ጊዜ ዘጠኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ወለተሐና፤ ናዝሬት።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ክረምቱን እየጠበቀ ነው? ጋሽ ሽመክት ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ አሁንም «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ ነው? ልጅሽ እማዋይሽ በሰላም ተገላግላ ተነሥታለች ብለሽ ነበርና እሷስ እንዴት ናት? ጨቅላውስ ጡት ይዞላታል? ሩቲስ እንዴት ናት? የልጄን ስም መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ከሁሉ አሳንሼ አይደለም። መጀመሪያ ከጻፍሁት ሌላውን መጠየቅ ስለሚያቅተኝ ነው።

እኔ በአካል ደህና ነኝ። የደም ግፊቱም አልባሰብኝም። ጅጅጋ በዚህ ወር ነፋሷን ለቃዋለች፤ አቧራው በበሩ ሥር ገብቶ መጽሐፉም ላይ እንጀራውም ላይ ይተኛል። ጠዋት የጠረግሁትን ከሰዓት እንደገና እጠርጋለሁ። አከራዬን ወይዘሮ ጥሩአየሁን ታስታውሻታለሽ፤ ባለፈው ሳምንት የውሃው በርሜል አጠገብ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «መምህር፣ ይህችን አንዲት ሳህን አጥበው ይገባሉ፣ አጥበው ይገባሉ፤ እኔ ማየቱ ሰለቸኝ፤ እርስዎን አልሰለቸዎትም?» አለችኝ። ሥራዋን እንድትሠራ ነገርኋት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሳህኗን አየኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺኑ አንዲት ሳህን ነው የማጥበው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥር አጋማሽ ነው። ይህን ያህል የዘገየሁት ረስቼ ወይም ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ስልክ ቤትም ሄጄ ወረፋ ይዤ ነበር፤ ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረኝ ጥዬ ወጣሁ። የምነግርሽ ነገር በሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ ውጭ ሰው እየሰማ፣ «ሃሎ፣ ይሰማሻል?» እየተባለ የሚነገር አይደለም።

ሩቲ በሒሳብ ምክንያት አራተኛ ክፍልን እየደገመች መሆኗን፣ ዘንድሮም ተስፋ እንደሌላት ጽፈሽልኛል። ጓሮ የሚኖረውን አስተማሪ ቀጥረሽላት የማባዛት ሰንጠረዡን እንደሚያስጠናት፣ ሲጠፋባት እንደሚያንበረክካት፣ ያም እንዳልረዳት ጽፈሻል። በር የቀረቀራት ትንሿ ጣቷ ዛሬም እርሳስ ስትይዝ እንደማትዘረጋ ጠቅሰሻል። ከዚያ «ክረምት ለአባትሽ እልክሻለሁ፤ የሒሳብ ሊቅ እያለሽ እኔ ምን አደከመኝ» ብለሻት ነበር፤ ማታ ሽሮ ስትነፊ አጠገብሽ መጥታ «አባዬ ያ ማስመሪያ አሁንም አለው?» አለችሽ። አንቺ ይህን የልጅ ወሬ አድርገሽ፣ እየሳቅሽ ነው የጻፍሽው። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። አካሄዴ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

እንደምታውቂው አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ግን ሦስተኛ ክፍል ተሰጠኝ። ጥፋቴን ልንገርሽ። ቢሮው አምና የበተነውን የፈተና ውጤት ዘገባ ተቀምጬ ደመርሁት፤ አልገጠመም። አሥራ ሰባት ስሕተት ገጽና መስመር ጠቅሼ፣ በአራት ገጽ ጽፌ መለስሁላቸው። ኃላፊው አስጠራኝ፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ፤ «መምህር ሀብተየስ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጠንቃቃ ሰው የሚያስፈልገው ከመሠረቱ ላይ ነው» አለኝ። ስድብን በስኳር ማጠጣት ተክነውበታል። በሳምንቱ የአራት ኪሎ ዲግሪዬን ይዤ ሰባ ሁለት ሕፃናት ፊት ቆምሁ። ሻዩን አልጠጣሁትም ነበር፤ ይህንንም እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

ትምህርት ቤቱ በአማርኛ የሚያስተምር ነው። ከልጆቹ ግማሾቹ ሶማሌዎች፣ ሌሎቹ ከመሀል አገር የመጡ የነጋዴ፣ የጸሐፊ፣ የድሮ ወታደር ልጆች ናቸው። ሁሉም «ማዓሊን» ይሉኛል፤ በሶማሊኛ አስተማሪ ማለት ነው። የማባዛት ሰንጠረዡን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ሰቀልሁላቸውና እንደማውቀው ጀመርሁ። እጅ ወደ ኋላ፤ ጀርባ ቀጥ፤ ዓይን ወደ ሰሌዳ። ጣት መቁጠር ክልክል ነው። ከንፈር ማንቀሳቀስም ክልክል ነው። ሶማሌዎቹ ልጆች አንድ ነገር በቃላቸው ሊይዙ ሲሞክሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። ይህ ደሜን ያፈላው ነበር። «እዚህ ግመል ላይ አልተቀመጣችሁም» እላቸው ነበር። ሒሳብ የጭንቅላት ሥራ ነው፤ ገላ ምን አገባው ብዬ አምን ነበር፤ በዚህ እምነት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ።

በታኅሣሥ ፈተንኋቸው። ከሰባ ሁለቱ ያለፉት ዘጠኝ ናቸው።

ማስመሪያውን ታውቂዋለሽ። ተማሪ ሳለሁ ጉለሌ የሚሠራ አናጢ ከዋንዛ ያወጣልኝ፣ ጠርዙ በናስ የተለበጠው ነው። ሩቲ ከሄደች ወዲህ በሰው ላይ አንሥቼው አላውቅም ነበር፤ የምመታው ጠረጴዛውን ነበር። ይህንንም እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ግን ፌኔት የምትባለውን ልጅ ሰባት ጊዜ ስምንት ብዬ ጠየቅኋት። አባቷ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚመጣ የታሸገ ወተትና ቲማቲም በካርቶን የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኗ የሚናገር ልጅ ናት። ከዴስኩ ሥር ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አየኋቸው። ማስመሪያውን አነሣሁ። «አውጪ» አልሁ። አላለቀሰችም፤ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እጁን እንደዚያ አድርጎ የሚደብቅ አንድ ልጅ ብቻ ነው የማውቀው። ማስመሪያውን መልሼ አስቀመጥሁና ከክፍሉ ወጣሁ። የውሃው ታንከር ጀርባ ሄጄ ቆምሁ።

ከጎኔ ያለውን አንደኛ ክፍል የምታስተምረው ሀሊሞ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ድምጿ ከግቢው አጥር ውጭ ይሰማል። የጅጅጋ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ «እርስዎ» የሚባለውን ግን አታውቀውም፤ ለዳይሬክተሩም ለዘበኛውም «አንተ» ናት። ታንከሩ ጀርባ ድረስ ተከትላኝ መጣችና «ማዓሊን፣ ያ ጠረጴዛ ምን በድሎህ ነው? ከመስከረም ጀምሮ ስትመታው እሰማለሁ፤ እስካሁን አልተማረም» አለችኝ። ጠረጴዛው ሳይሆን ልጆቹ ድንጋይ መሆናቸውን ነገርኋት። «ሀዬ፣ ይሁን፤ እንግዲያው ድንጋዮችህን ነገ አሳይሃለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤትህ ውጣ» ብላኝ ሄደች። ቢሮ ልከስሳት አስቤ ነበር። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን በሬ ላይ ቆሜ ነበር።

የወሰደችኝ ከቤቴ ሦስት መቶ እርምጃ ወደሚርቅ የቁርኣን ትምህርት ቤት ነው። አሥራ አምስት ዓመት በአጠገቡ አልፌአለሁ፤ ከውስጡ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነበር። አጥሩን ተደግፈን አየን። ልጆቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በከሰል ቀለም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ጣታቸው መስመሩን ይከተላል፤ አፋቸው ይላል፤ ወገባቸው ይወዛወዛል፤ ጆሯቸው የጎረቤቱን ይሰማል። ያጠናውን በቃሉ ያወጣ ሰሌዳውን አጥቦ ሌላ ይጻፍለታል። ከመካከላቸው አንዷ ባቱሎ ናት፤ የኔ ተማሪ፤ ሦስት ጊዜ አራትን ከመስከረም እስከ ጥር መያዝ ያቃታት። ዓይኗን ጨፍና ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳትሰናከል በቃሏ አወረደችው። ሀሊሞ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትል «ይህን ሁሉ የያዘች ልጅ ያንተ አሥራ ሁለት ከበዳት? አንተ እኮ አስረህ ነው ሩጡ የምትለው» አለች።

እትዬ፣ እኔና አንቺስ ፊደል የቆጠርነው እንዴት ነበር? ስንደዶ ይዘን እያንዳንዷን ፊደል እየነካን፣ እየጮኽን፣ እየተወዛወዝን አልነበረም? አንቺ ዳዊት ስትደግሚ ዛሬም ትወዛወዢ ይሆናል። ይህን የረሳሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እዚያ ዝም ብሎ መቀመጥን ከዕውቀት ጋር አንድ አድርጌ ይዤው ወጣሁ።

ለመለወጥ ወሰንሁ፤ የወሰንሁት ግን እንደ እኔው ነው። መቶ አርባ አራት ጠጠር ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በመጠን ለየሁ። ሲባጎ ገዝቼ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ቋጠርሁበት፤ ሰባተኛዋን ቋጠሮ ሁሉ በቀይ ክር አሰርሁ። ግቢው ላይ በኖራ አራት ማዕዘኖችን አሰመርሁ፤ ያንንም በማስመሪያው ነው ያሰመርሁት። ልጆቹን አውጥቼ ሁለቱን ቁጥር በሹክሹክታ፣ ሦስተኛውን በጭብጨባ እያሉ የሦስትን እንዲቆጥሩ አዘዝሁ። ቀድሞ ያጨበጨበውን ገሠጽሁ፤ ዘግይቶ ያጨበጨበውን ለብቻው አቆምሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ክፍሉ ውስጥ ደርቀው ቆሙ። ሀሊሞ በመስኮቷ ስታይ ቆይታ ወጣችና «አሁን ደግሞ ጭብጨባውን አሰርኸው። እስቲ አንተ ዝለል» አለችኝ። በልጆቹ ፊት ነው ያለችው።

ዘለልሁ። በኮትና በከረባት፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ አንድ ሁለት ብዬ ሦስት ላይ በሁለት እግሬ መሬቱን መታሁ፤ አራት አምስት ብዬ ስድስት ላይ መታሁ። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ መነጽሬ ወደቀ፤ ላነሣው ጎንበስ ብዬ ሚዛኔን ስቼ ኖራው ላይ ተቀመጥሁ። ልጆቹ ፈሩ። ከዚያ ባቱሎ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች፤ ሁሉም ተከተሏት። ከመስከረም ጀምሮ በኔ ተማሪዎች መካከል የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ሲስቁ ቆጠራው ቀጠለ፤ ሠላሳ ስድስት ድረስ ሄዱ፤ ማንም አልተሳሳተም። ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን አዳረሰ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ወይዘሮ ጥሩአየሁ «መምህር ሲዘሉ ታዩ ይሉኛል፤ እኔ ሰውየው ሲራመዱም ደስ አይላቸው፣ ሌላ ሰው ነው ብዬ ተከራከርሁልዎት» አለችኝ።

ፌኔት ግን አልዘለለችም። ጠጠር ስትደረድር እንኳ በአንድ እጇ ነበር፤ ሌላው ብብቷ ውስጥ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሀሊሞ ዛፉ ሥር አስቀመጠቻትና እጆቿን አስወጣቻት፤ መዳፎቿን ወደ ፊቷ አዙራ አሥሩን ጣት እንድትዘረጋ አደረገች። «የዘጠኝ ሰንጠረዥ እዚህ ነው ያለው፤ ወረቀት አያስፈልገውም» አለቻት። አራት ጊዜ ዘጠኝ ከሆነ ከግራ ጀምረሽ አራተኛዋን ጣት እጠፊ። ከታጠፈችው ወዲህ ሦስት ጣት፣ ወዲያ ስድስት ጣት። ሠላሳ ስድስት። ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ከሆነ ሰባተኛዋን እጠፊ፤ ስድስትና ሦስት፤ ስልሳ ሦስት። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ለምን እንደሚሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአእምሮዬ አረጋገጥሁት፤ ለጀማሪ ተማሪ የሚሰጥ ቀላል ማረጋገጫ ነው። ሠላሳ ዓመት ቁጥር ሳስተምር ግን የገዛ እጄን አይቼው አላውቅም።

ፌኔት ቀና ብላ አየችኝና «ማዓሊን፣ የአንተንም አውጣ» አለችኝ። አወጣሁ። ስምንተኛዋን ጣቴን ይዛ ራሷ አጠፈችልኝና ወዲህና ወዲያ ቆጥራ «ሰባ ሁለት» አለች። በክፍሏ ያሉት ልጆች ቁጥር ነው። የልጅ እጅ ጣቴን ሲይዘው ከሩቲ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው። ወደ ክፍል ገባሁ፤ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርሁ፤ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።

በየካቲት ከቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ልጆቹን ግቢ ውስጥ በመስመር ላይ ሲዘሉ አገኛቸው። ክፍል አስገብቶ ፌኔትን አስነሣትና ሰባት ጊዜ ስምንት አላት። ዓይኗን ጨፍና ጭኗን በጣቷ መታ መታ ማድረግ ስትጀምር «እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ!» ብሎ ጮኸባት። ድምፁ የኔ ነበር። ቃሉም የኔ ነበር። ፌኔት እጇን ለመደበቅ ወደ ብብቷ ስትወስድ ከወንበሬ ተነሣሁና «እርስዎ ጌታው፣ ሲፈርሙ በየትኛው የሰውነት ክፍልዎ ነው የሚፈርሙት?» አልሁት። ልጅቷንም ቀጥዪ አልኋት። ሃምሳ ስድስት አለች። እሱ መልሱን አልጻፈም፤ «መምህሩ ክፍሉን ወደ ጨዋታ ሜዳ ለውጠውታል» ብሎ ጻፈ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ አርሜ አንድ ቅጂ መለስሁላቸው። ባለፈው ሳምንት ድጋሚ ስፈትናቸው ከሰባ ሁለቱ አርባ አንዱ አልፈዋል። ሠላሳ አንዱ ገና ናቸው፤ ተአምር ሠራሁ እያልሁሽ አይደለም። ባቱሎ ዛሬም ስድስት ጊዜ ሰባትና ስድስት ጊዜ ስምንትን ታምታታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ1987 ሰኔ፣ ልትጠይቂን ከመምጣትሽ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የሩቲ እናት ካረፈች ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ስምንት ዓመቷ ነበር። ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ስንት ነው አልኋት። ጣቶቿን ዘርግታ መቁጠር ጀመረች። በጣት አይቆጠርም አልኋት። እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ እዚያው መቁጠሯን ቀጠለች። አውጪ አልኋት፤ አወጣች። አምስት ጊዜ መታኋት። ቁጥሩን የማውቀው እኔ ሁሉንም ስለምቆጥር ነው። አምስተኛው በናሱ ጠርዝ የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት አገኘው።

በር ቀረቀራት ብዬ የነገርሁሽ ሐሰት ነው፣ እትዬ። ስነግርሽ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። አንቺ ጣቷን ይዘሽ «እውነት በር ነው?» ብለሽ ጠየቅሻት፤ እሷም እኔን አየችኝና «አዎ፣ በር ነው» አለችሽ። እስከዚያ ቀን ዋሽታ አታውቅም ነበር። እሱን ሳልመታት ነው ያስተማርኋት፤ ወዲያው ገባት። ለክረምት ይዘሻት ሄድሽ፤ ክረምቱ ሲያልቅ አልመለስም አለች፤ አንቺም እናት የሌላት ልጅ ሴት ዘንድ ብትሆን ይሻላል ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ልክ ነሽ ብዬ መለስሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ የምናገረው ያንኑ ነው።

ፌኔት ጣቴን ባጠፈችልኝ ቀን ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። መዳፎቼን ወደ ፊቴ አዙሬ ስድስት ጊዜ ዘጠኝን ሠራሁ። ከግራ አውራ ጣት ሲቆጠር ስድስተኛዋ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ናት። እሷ ስትታጠፍ ወዲህ አምስት፣ ወዲያ አራት ይቀራል። ሃምሳ አራት። የጠየቅኋት እሱን ነበር፤ መልሱ ደግሞ በምመታው እጅ ላይ ነበር። ይህን ለሩቲ አትንገሪያት። ማባበያ ይመስላል፤ ከዚያም የከፋ፣ ያን ጣት የመታሁት ለአንድ ቁም ነገር እንደሆነ ያስመስለዋል። ለምንም ቁም ነገር አልነበረም።

አንቺን የምለምንሽ ይህን ነው። ያን የጓሮ አስተማሪ ዛሬውኑ አሰናብችው። እሱን አልወቅሰውም፤ የኔ ደቀ መዝሙር ነው፤ ባያውቀኝም። ሩቲ በጣቷ ትቁጠር፤ ማንም አይከልክላት። አተር ሰፌድ ላይ በረድፍ በረድፍ ትደርድር፤ አራት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ ከዚያ ሰፌዱን አዙረሽ ስድስት ረድፍ አራት አራት መሆኑን በዓይኗ ትየው። ያን ጉልበትሽን የሚይዘውን ደረጃ እየወጣች ትቁጠር፤ ሦስተኛውን ደረጃ ሁሉ ጠንክራ ትርገጥ፤ ጋሽ ሽመክት ቤቴ ፈረሰ ቢሉም ታገሷት ይበሉልኝ። ሲጠፋባት ዝም በሏት። ዝምታው እንደ ቁጣ እንዳይመስላት ግን ሥራ እየሠራሽ ዝም በዪ።

ይህን ከነገርሁሽ በኋላ ብትቆጪኝ መብትሽ ነው። ጋሽ ሽመክት እንዲያነቡት ብትፈቅጂም አልቀየምሽም። ይህን ደብዳቤ ለሩቲ አንብቢላት አልልሽም፤ አታንብቢላትም አልልም። በር አለመሆኑን እንደነገርሁሽ ግን ንገሪያት። ከእንግዲህ ስለ እኔ ብላ መዋሸት የለባትም።

ክረምትን በተመለከተ፣ ራሷ እሄዳለሁ ካላለች አትላኪያት። አባትሽ ናፈቀሽ፣ አባትሽ ብቻውን ነው፣ አባትሽ ተለውጧል እያልሽ አታባብያት። መለወጤን እኔም ገና አላውቅም፤ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ትላንትም ጠረጴዛውን በመዳፌ መትቻለሁ። ባትመጣ አልቀየማትም። ሳህን ግን ገዝቻለሁ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከቶጎጫሌ የመጣ የጽጌረዳ ሥዕል ያለበት ሳህን ስሸከም አይታኝ «እንግዳ ሊመጣ ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት። እኔ አላውቅም ስል ሰምታ ስለማታውቅ ደንግጣ ገባች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጁነይድ ይባላል። የፌኔት አባት ባልደረባ ነው፤ በየወሩ ዕቃ ጭኖ በናዝሬት በኩል ያልፋል፤ ታማኝ ሰው ነው፤ ውሃ ስጭው። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይሰጥሻል። ማስመሪያው ነው። አንቺ አትፍቺው፤ ለሩቲ በእጇ ስጫት። ብትሰብረው፣ ብታነድደው፣ ወንዝ ብትጥለው አትከልክያት። ላስቀምጠው ካለችም ለምን አትበያት። ያለ እሱ የኖራ መስመሬ ከሰኞ ጀምሮ ጠማማ ሆኗል፤ ልጆቹ ግን ልዩነቱን አላዩትም። የጠየቀችሽ «አባዬ ያ ማስመሪያ አሁንም አለው?» ብላ ነው። «የለውም፤ አንቺ ጋ ነው ያለው» በያት።

ለጋሽ ሽመክት የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ዓይናቸውን ነገ ሳይሆን ዛሬ ይታከሙ። እማዋይሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ፤ ጨቅላውን ግንባሩን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እመት ፋናዬን አልረሳኋቸውም፤ ባለፈው የላኩልኝን በርበሬ እስካሁን እየቆጠብሁ እበላለሁ። የሩቲን የቀኝ እጇን ሳሚልኝ፤ ከፈቀደችልሽ ብቻ። እጇን ከደበቀች ተያት፤ አውጪ አትበያት።

ወንድምሽ ሀብተየስ

ጅጅጋ፣ መጋቢት 19 ቀን 1990 ዓ.ም.